አራት ልጆች አሉኝ

በወጣቶች ፕሮግራማችን ምስክርነት ያልተጻፈ ሥርዓት አለው። ሰው ይነሣል፣ ማይክ ይቀበላል፣ "ጌታ ይባረክ" ይላል፤ ቀጥሎም ችግሩን ያወራል። ታሞ ነበር፣ ሥራ አጥቶ ነበር፣ ቪዛ ተከልክሎ ነበር። ከዚያ "ነገር ግን" የምትለዋ ቃል ትመጣለች። እሷን ስንሰማ እልልታው አፋችን ላይ ይደርሳል፤ ቀሪውን እናውቀዋለንና። ተፈወሰ፣ ተቀጠረ፣ ሄደ። ገና ያልተፈወሰው ማይክ አይዝም። ሲሻለው እንጠራዋለን።

ይህን የምጽፈው ምስክርነትን ለማጣጣል አይደለም። እግዚአብሔር የፈወሳቸውን አይቻለሁ፤ ከእነርሱ ጋር እልል ብያለሁ፣ ነገም እላለሁ። ነገር ግን በመካከላችን ታሪካቸው ገና ያላለቀ፣ ወይም ያለ "ነገር ግን" ያለቀ ወገኖች አሉ። ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ለሌላው ያጨበጭባሉ። ስለ እነርሱ ሳስብ ሁልጊዜ የሚታወሱኝ አያቴ ናቸው። አያቴ ደግሞ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል አይደሉም።

አያቴ የቀየት ሰው ናቸው። የመንዝን ደጋ ለማታውቁ፦ ገብስና በግ፣ ብርድና ነፋስ ነው። ውርጭ በአንድ ሌሊት የአንድ ቤተሰብን ዓመት ይወስዳል። ስለዚህ ደገኛው ዓይኑን የሚጥለው በልግ ላይ ነው፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ዝናቡ ከመጣ በሰኔና በሐምሌ ገብስ ይታጨዳል፣ ካልመጣ ጎተራው ባዶ ነው። አያቴ እዚያ ተወልደው፣ ጾማቸውን ጾመው፣ በዓላቸውን አክብረው ያረጁ ኦርቶዶክስ ናቸው። እናቴ ደብረ ብርሃን ለትምህርት ገብታ ወንጌልን ሰምታ ወደዚህ ኅብረት ስትመጣ ዘመድ ሁሉ ሲቆጣ፣ እርሳቸው "ጸሎቷን ካልተወች ልጄ ናት" ብለው ዝም ማሰኘታቸውን እናቴ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀረ። ክረምቱም አልረዳም። ሰባ ሰባት የሚባለው ዘመን እንዲህ ገባ። ስለዚያ ርሃብ ሲወራ ዓለም የሚያውቀው ኮረምን ነው፤ ካሜራው የደረሰው እዚያ ነበርና። ነገር ግን ሰሜን ሸዋም፣ መንዝም ተርቧል። ያኔ ደርግ ሰውን ከተጎዱት አውራጃዎች አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ማስፈር ጀመረ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተወሰደ። አንዳንዱ ርሃብ ገፍቶት ፈቅዶ ተመዘገበ፣ አንዳንዱ ተገዶ። አያቴ "እኛስ?" ብዬ ስጠይቃቸው "የራበው ሰው ፈቀደ ይባላል?" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደግሜ አልጠየቅኋቸውም።

የተወሰዱት ወደ መተከል፣ ወደ ፓዊ ነው። በበለስ ሸለቆ ውስጥ 48 መንደር ተመሥርቶ ወደ 80 ሺህ ሰው ሰፈረበት። መንደሮቹ ስም አልነበራቸውም፤ ቁጥር ነበራቸው። መሬቱም ባዶ አልነበረም፤ የጉሙዝ ሕዝብ ይኖርበት፣ ያርስበትና ያድንበት ነበር። አያቴ ይህን አይረሱም። "እኛም ተገፍተን፣ እነሱንም ገፋን" ይላሉ። እናቴ ያኔ የ5 ዓመት ልጅ ነበረች። የምታስታውሰው የመኪናውን ሽታ፣ የሰዉን ትውከት፣ ከዚያም ሙቀቱን ነው። አያቴና አያቴ ወንዱ የመንዝ በርኖሳቸውን እንደለበሱ ነበር ከመኪና የወረዱት።

ደጋ ወባ የለም። የደጋ ሰው ደም ወባን አያውቃትም። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ መንደሩ ተኛ። እናቴ ወንድም ነበራት፤ የ3 ዓመት ልጅ። ትኩሳቱ በያዘው በአራተኛው ቀን ሞተ። ክኒን ተጠይቆ ነበር፤ አልተገኘም። የሚጠቀለልበት ነጠላ ስላልነበረ በአባቱ በርኖስ ጠቅልለው ቀበሩት። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። አያቴ እስከዚህ ድረስ ይመጡና ስለ በርኖሱ ሲደርሱ እጃቸውን እያዩ ዝም ይላሉ።

በአገር ቢሆን ለቅሶ አለ። ጎረቤት ድንኳን ይጥላል፣ አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፣ እናት ደረቷን ስትመታ እጇን የሚይዝ ሰው ይኖራል። እዚያ ግን ሁሉም የየራሱን ሬሳ ይቀብር ነበር። ማን ለማን ያልቅስ? አያቴ ጎጆ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ።

በሩን የከፈተችው የከምባታ ሴት ናት። ፓዊ ውስጥ ከሰሜን ሸዋና ከወሎ ሰው ሌላ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ሰፋሪዎችም ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወንጌላውያን ነበሩ። አያቴ ስሟን ነግረውኝ አያውቁም፤ "እታለም" ነው የሚሏት። አማርኛዋ ጥቂት ነበር፣ የአያቴ ከምባትኛ ደግሞ ምንም። በቆርቆሮ የበቆሎ ንፍሮ ይዛ ገባች፤ ለቅሶ ቤት ንፍሮ እንደሚወሰድ ማን ነገራት ብለው አያቴ እስከ ዛሬ ይገረማሉ። አኖረችው፣ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረገች። አልሰበከችም። "አይዞሽ" እንኳ ያለች አይመስለኝም። በማግስቱ ውኃ ቀድታ መጣች። በሦስተኛው ቀን የእናቴን ፀጉር አጠበች። ማታ ማታ በጣም ቀስ ብላ በቋንቋዋ ትዘምር ነበር፤ ቀስ የምትለው ካድሬ እንዳይሰማት ነው። ያ ዘመን በአገሯ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የተዘጉበት ነበር።

"ስንት ቀን ተቀመጠች?" አልኳቸው።

"ቀን ማን ይቆጥራል? ስነሣ እዚያው ነበረች።"

አያቴ ከብዙ ወራት በኋላ የሰሙት ነገር አለ። ያቺ ሴት እዚያ በደረሰች በሁለተኛው ወር ሁለት ልጆች ቀብራ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ሦስተኛው ሲሞትባት በሩን የከፈቱት አያቴ ናቸው። ንፍሮውንም እርሳቸው ያዙ።

አንድ ጊዜ ደፈር ብዬ፣ "እማማ፣ ያኔ እግዚአብሔር የት ነበር ይላሉ?" አልኳቸው። ይህን የጠየቅሁት ለእርሳቸው ብዬ አይደለም፤ ለራሴ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ፤ የቅርብ ጓደኛዬ በኩላሊት ሕመም ሞቶ ነበር። 40 ቀን ጾመን ጸልየንለት፣ በ41ኛው ቀን ቀበርነው። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ቅዱሴን ስከፍት ፊደሉ ይታየኛል እንጂ ነገሩ አይገባኝም ነበር። ከዝማሬ ቡድኑ ቀስ ብዬ ወጥቼ ነበር፤ ማንም አላስተዋለም። አያቴ "በጎ ነው" እንዲሉኝ አልፈለግሁም፤ ቢሉኝ ኖሮ ተነሥቼ እወጣ ነበር።

"አኮረፍኩት" አሉ።

"ማንን?"

"እግዜርን ነዋ። አንድ ዓመት ሙሉ። ሳልጸልይ አላደርኩም፣ ግን አኮርፌ ነበር የምጸልየው። ፊቴን አዙሬ።"

ሳቅሁ መሰለኝ። እርሳቸው ግን አልሳቁም። "ኩርፊያ ከዘመድ ጋር ነው፤ ከማታውቀው ሰው ጋር ትኮራረፋለህ?" አሉኝ።

ይህችን ንግግር ይዤ ብዙ ቀን ዞርኩ። በጸሎት ስብሰባ ላይ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ለእግዚአብሔር ማኩረፍ የሚባል ነገር እንዳለ ማንም አላስተማረኝም። ያስተማሩኝ ሁለት ነገር ነው፦ ማመን ወይም መካድ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ኩራፊዎችን መፈለግ ጀመርኩ። ሞልተዋል! መዝሙር 88ን (በአንዳንዱ እትም 87 ነው) አንብቡት። ሌሎቹ የሰቆቃ መዝሙሮች ብዙዎቹ መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይታጠፋሉ፤ ይህኛው አይታጠፍም። በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። "ነገር ግን" የላትም። ሆኖም እዚያው መዝሙራት መካከል ተቀምጣለች፤ ለቤተ መቅደስ ዘማሪዎች ተሰጥታ። የእኛ ፕሮግራም መሪ ቢሆን ኖሮ "ወንድሜ፣ ስትጨርስ ና" ይለው ነበር ብዬ አሰብኩ።

ኢዮብም አለ። ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንዳች ቃል አልተናገሩም። እስከዚህ ድረስ እንደ እታለም ናቸው። የተበላሹት አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው። ምዕራፎቹን ሁሉ ስታነቡ ንግግራቸው በጣም መንፈሳዊ ነው፤ ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆመዋል። መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በጠበቆቹ ላይ ነው፤ ሲያጉረመርም የኖረውን ኢዮብን ደግሞ ስለ እኔ ትክክል ተናገረ አለው። ይህን ምዕራፍ 42 ላይ ሳነብ ቁጭ አልኩ።

ዮሐንስ 11ም እንዲሁ። ማርታና ማርያም ተመካክረው ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን ሁለቱም በየተራ ጌታን ያገኙት በአንድ ዓይነት ወቀሳ ነው፦ በሰዓቱ ብትመጣ ኖሮ ወንድማችን ባልሞተ። ጌታ አንዳቸውንም አልገሠጸም። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አልዓዛርን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሣው ያውቃል። መፍትሔው በእጁ ነው። ቢሆንም አለቀሰ። እኔ ብሆን "አታልቅሱ፣ አሁን ታያላችሁ" እል ነበር። እርሱ ግን እንባቸውን ዘልሎ ወደ ተአምሩ አልሮጠም። አማኑኤል የሚለው ስም የሚናገረው አብሮ ስለ መሆን መሆኑን ስንት ገና አክብሬ አላስተዋልኩትም ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችንንም ታሪክ በዚህ ዓይን እንደገና አየሁት። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ ኡራኤል አካባቢ ከነበረው የአምልኮ ፕሮግራም ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ቀደም ሲል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ እጅ ነበረበት። መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ታስረው 10 ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆዩ፤ ተገረፉ፣ ተሠቃዩ። የባላቸው አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ ስናወራ ቶሎ ወደ ፍሬው እንሮጣለን። እውነት ነው፣ ፍሬ አለ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ 5 ሺህ ገደማ አባላት ነበሯት፤ መሪዎቿ ከ4 ዓመት በላይ ታሰሩ፣ ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ቆዩ፤ ደርግ ሲወድቅ 34 ሺህ ገደማ ሆነው ወጡ። ይህን ቁጥር ስሰማ ደስ ይለኛል። ግን ቁጥሩን ይዘን የወይዘሮ ፀሐይን 10 ዓመት ማሳመር የለብንም። በዚያ ክፍል ውስጥ ከቀን ወደ ቀን የነበሩት እርሳቸው ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ዕድገት አንድም ሌሊት አላሳጠረላቸውም። እግዚአብሔር በዚያ ሌሊት ከእርሳቸው ጋር ካልነበረ፣ በኋላ በመጣው ዕድገት ውስጥ ብቻ ነበር ማለት ምን ይጠቅማቸዋል? ሦስቱ ወጣቶች ባቢሎን እቶን ውስጥ ሲጣሉ አራተኛው የታየው እሳቱ ውስጥ እንጂ በር ላይ አልነበረም።

አያቴ ደርግ ከወደቀ በኋላ እንደ ብዙዎቹ ሰፋሪዎች ወደ አገር ተመለሱ። እናቴንና ፓዊ የወለዷትን አክስቴን ይዘው ነው የመጡት፤ የመጨረሻው አጎቴ ቀየት ተወለደ። ትንሹ ልጅ እዚያው ቀረ። እታለምም በዚያው ጠፋች፤ በሕይወት ትኑር አትኑር አያቴ አያውቁም። መቃብሩ ላይ ምልክት አልነበረም፤ ቢኖርም ከዚያ ወዲህ በመተከል የደረሰውን ታውቃላችሁ፣ ሄዶ የሚያይ የለም። ግን ሰው "ስንት ልጅ አለዎት?" ብሎ ሲጠይቃቸው "አራት ልጆች አሉኝ" ነው የሚሉት። ቀበሌ ቢጠይቃቸውም፣ ሐኪም ቢጠይቃቸውም። አንድ ጊዜ አጎቴ "እማዬ፣ ሦስት ነን እኮ" ቢላቸው "አንተን ማን ጠየቀህ?" አሉት።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲገባ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ሞላች። ከዚያ በፊትም በኋላም ከተለያየ ቦታ የተፈናቀሉ ወገኖች ከተማዋ ውስጥ በመጠለያ ይኖራሉ። የእኛም ወጣቶች ሳሙና፣ ብስኩትና ያገለገለ ልብስ ሰብስበን መሄድ ጀመርን። በአንዱ ቅዳሜ ከመካከላችን አንድ ወንድም፣ ልቡ ጥሩ ነው፣ ልጇ በመንገድ ላይ ለሞተባት ሴት እግዚአብሔር ለበጎ እንዳደረገው አስረዳት። ጥቅስም ጠቀሰላት። ሴትየዋ ሰማችው፤ አልተቆጣችም። ብቻ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች። ብስኩቱን አኑረን ወጣን።

ማታ ቤት ገብቼ ለአያቴ ነገርኳቸው፤ ያኔ ለሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። ምንም አላሉኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሌሊት ተነሥተው ስንዴና ሽምብራ ሲቀቅሉ አገኘኋቸው። "እኔም እሄዳለሁ" አሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ባዘጋጀችው መኪና ከዘማሪዎቻችን መሐል ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። መዝሙር ስንዘምር ግጥሙን ባያውቁትም ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ያቺን ሴት አሳየኋቸው። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ለመቀመጥም ብዙ ቆዩ። ንፍሮውን በሳህን አድርገው መሐላቸው አስቀመጡት። እኛ ሌላውን ድንኳን ስናዳርስ፣ ልብስ ስናድል፣ ሕፃናቱን ስናዘምር አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ስንመለስ እዚያው ናቸው። አልበሉም፣ አላወሩምም። ልንነሣ ስንል አያቴ ወደ እሷ ጎንበስ አሉና፣

"ስሙ ማን ነበር?" አሏት።

ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ነገረቻቸው። የልጁን ስም ለመናገር አፏን የከፈተች ሴት እንባዋን ለመያዝ አልቻለችም፤ አያቴም አብረዋት። እጇን ይዘው ነበር። ያ ጥቅስ የጠቀሰው ወንድማችን ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ እርሱም አለቀሰ። በመኪናው ስንመለስ ማንም አልዘመረም።

እኔ በዚያች ድንኳን ውስጥ ጌታን አየሁት ብል ታምኑኛላችሁ? ብርሃን አልወረደም። ድምፅም አልሰማሁም። ሴትየዋም ከዚያ ቀን በኋላ ልጇ አልተመለሰላትም፣ ቤቷም አልተመለሰላትም። ግን ከጓደኛዬ ቀብር ጀምሮ ከእኔ ርቆ የነበረው፣ እዚያ ንፍሮው ጎን መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። በዚያው ሳምንት ወደ ዝማሬ ቡድኑ ተመለስኩ። አሁንም ለጓደኛዬ ሞት መልስ የለኝም። አንዳንድ ሌሊት ፊቴን አዙሬ ነው የምጸልየው።

አያቴ ቀየት ከተመለሱ ቆይተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ መሄዳችንን ቀጥለናል፤ እናቴ ንፍሮውን ትቀቅላለች፤ አያቴ በስልክ ጨው እንዳይበዛበት ይነግሯታል። ባለፈው ወር ሳሙና ልናድል ስም እየመዘገብን ሳለ ያቺ ሴት ተራዋ ደረሰ። መዝጋቢው ያ ጥቅስ የጠቀሰው ወንድማችን ነበር። "ስንት ልጆች አሉሽ?" አላት። ሁለቱ ቀሚሷን ይዘው አጠገቧ ቆመዋል።

"ሦስት" አለች።

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሦስት ብሎ ጻፈ፤ ሦስት ሳሙናም ቆጥሮ ሰጣት።